ፈልጎ መተካት ሪፋክተሪንግ አይደለም

ሪፋክተሪንግ ማለት ኮዱ የሚሠራውን ሳይቀይሩ አጻጻፉን ማሻሻል ነው። ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በሲ ፕላስ ፕላስ ከሚሠሩ አንባቢዎች ናቸው፤ የሚያነሱትም ሦስት መሣሪያዎችን ነው። ክላንግ-ፎርማት የኮዱን አቀማመጥ ያስተካክላል። ክላንግ-ታይዲ ኮዱን ይመረምራል። ክላንግዲ ደግሞ ኤዲተራችን ውስጥ ሆኖ ስህተት ያሳየናል፣ ስም ይቀይርልናል። ሦስቱም የክላንግ ኮምፓይለር (የምንጽፈውን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም) ፕሮጀክት አካል ናቸው። ክላንግ እ.ኤ.አ. በ2007 ክፍት ሶርስ የሆነ ሲሆን ገና ከመጀመሪያው ሌሎች ፕሮግራሞች እንዲጠቀሙበት ተብሎ በላይብረሪ መልክ ነው የተሠራው። እነዚህ መሣሪያዎች ሊኖሩ የቻሉትም በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ አለቃዬ ኮድ ፎርማት ማድረግ የውበት ጉዳይ ነው፣ ጊዜ ማባከን ነው ይላል። ምን ብዬ ላሳምነው? — እህትህ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የአፕልን ታሪክ ንገሪው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 አፕል በአይፎንና በማክ ላይ የነበረ ትልቅ የደኅንነት ቀዳዳ ደፈነ። ቀዳዳውን የፈጠረው በስህተት የተደገመ አንድ መስመር ነበር። የምታገኚው ሰርቨር እውነተኛው መሆኑን የሚያረጋግጠው ፈንክሽን ውስጥ «ጎቱ ፌይል» (ወደ ስህተት መውጫው ዝለል) የሚለው ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ተጽፏል። የመጀመሪያው የኢፉ (ሁኔታው ሲሟላ ብቻ ፈጽም የሚለው ትእዛዝ) ነው። ሁለተኛው ግን ቅንፍ ስለሌለ ከኢፉ ውጪ ነው፤ ሁልጊዜ ይፈጸማል። ከሱ በታች ያለው ዋናው የፊርማ ማረጋገጫ ጭራሽ አይደረስበትም፣ ይባስ ብሎ ኮዱ በዚያ መንገድ ሲዘል ስህተት የሚይዘው ቫሪያብል ዜሮ ስለሆነ ፈንክሽኑ «ሁሉም ደኅና ነው» ብሎ ይመለሳል። ኔትወርኩ መሐል የገባ ሰው የፈለገውን ሰርቨር መስሎ መቅረብ ይችል ነበር።

ዓይን ለምን ሳተው? ሁለቱም መስመሮች እኩል ወደ ውስጥ ገብተው ስለተጻፉ ሁለቱም የኢፉ ይመስላሉ። ክላንግ-ፎርማት ያን ፋይል ቢነካው ሁለተኛውን መስመር ወደ ግራ ጎትቶ ከኢፉ ትይዩ ያስቀምጠው ነበር። ያኔ የሚያነበው ሰው «ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?» ማለቱ አይቀርም። ክላንግ-ታይዲም ኢፍ ሁሉ ቅንፍ ይኑረው የሚል ቼክ አለው። ክላንግ ራሱ የማይደረስበት ኮድ ሲያይ የሚያስጠነቅቅበት አማራጭ ነበረው፣ ግን «ዎል» (የተለመዱ ማስጠንቀቂያዎችን የሚያበራው አማራጭ) ሲባል አብሮ አይበራም፤ ለብቻው ማብራት ያስፈልጋል። ጂሲሲ የሚባለው ሌላው ኮምፓይለርም ከ6ኛው ቨርዥን፣ ማለትም ከ2016 ጀምሮ፣ አሳሳች አቀማመጥ ሲያይ «ዎል» ላይ ያስጠነቅቃል። አቀማመጥ ኮዱን የምናነብበት መንገድ ነው። ኮዱ የሚያደርገውና ዓይናችን የሚያየው ሲለያዩ ባግ እዚያ ይደበቃል።

ጥያቄ፦ ክላንግ-ፎርማት ያለ ችግር ይሠራልኛል። ክላንግ-ታይዲን ሳስነሳው ግን «ሄደር ፋይሉ አልተገኘም» እያለ የስህተት መዓት ያወርድብኛል። ኮዱ ደግሞ በደንብ ኮምፓይል ይሆናል! — ወንድምህ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ሁለቱ ኮድ የሚያነቡበት መንገድ ለየቅል ነው። ክላንግ-ፎርማት ኮዱን ወደ ቃላትና ምልክቶች ይከፋፍልና ቅንፉን፣ ሴሚኮለኑን፣ የመስመሩን ርዝመት እያየ ያስተካክላል። አንድ ስም የት እንደተፈጠረ፣ ዓይነቱ ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ማወቅም አያስፈልገውም። ለዚህ ነው ገና ያላለቀ ኮድ ብትሰጠውም ዝም ብሎ የሚሠራው። ክላንግ-ታይዲ ግን እንደ ኮምፓይለሩ ሄደሮቹን (ፋይልህ የሚጠራቸውን የጋራ ፋይሎች) በሙሉ ከፍቶ፣ ማክሮዎቹን (በሌላ ኮድ የሚተኩትን ስሞች) ዘርዝሮ፣ የእያንዳንዱን ስም ዓይነት ለይቶ ኤኤስቲ የሚባለውን የኮዱን ዛፍ ይሠራል። ይህን ለማድረግ ፋይልህ በምን ትእዛዝ ኮምፓይል እንደሚሆን ማወቅ አለበት። ሄደሮቹ የት ፎልደር ናቸው? የትኛው የቋንቋው ስታንዳርድ ነው? የትኞቹ ማክሮዎች በትእዛዙ ላይ ተሰጥተዋል?

ይህ መረጃ የሚቀመጠው «ኮምፓይል ኮማንድስ» በሚባል የጄሰን ፋይል ነው። ፕሮጀክትህ በሲሜክ (የግንባታ ፋይሎችን በሚያዘጋጀው ፕሮግራም) ከሆነና በሜክ ወይም በኒንጃ የምትገነባው ከሆነ «ሲሜክ ኤክስፖርት ኮምፓይል ኮማንድስ» የሚለውን ኦን አድርገው፣ ፋይሉ ይወጣልሃል። ተራ ሜክፋይል ከሆነ «ቤር» የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ከሜክ ትእዛዝህ ፊት አስገባና አንዴ ከዜሮ ገንባ፤ እያንዳንዱን የኮምፓይለር ጥሪ እየተከታተለ ይመዘግብልሃል። ክላንግዲም የሚፈልገው ይህንኑ ፋይል ነው፣ ስለዚህ ኤዲተርህም አብሮ ይስተካከላል።

ጥያቄ፦ በመላው ፕሮጀክት የድሮውን «ነል» እና ዜሮ ወደ «ነልፕትር» እንድቀይር ታዝዣለሁ። በሴድ አንድ መስመር ጽፌ ብጨርሰው ምን አለበት? ከ30 ዓመት በላይ ኮድ ስጽፍ የኖርኩት እንዲሁ ነው። — ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እባክዎን በሴድ (ጽሑፍ ፈልጎ በሚተካው ፕሮግራም) አያድርጉት። «ነል»፣ ዜሮና «ነልፕትር» እዚህ ሦስቱም ፖይንተሩ (የማስታወሻ አድራሻ የሚይዘው ቫሪያብል) የትም አያመለክትም ለማለት ናቸው። «ነል» የሚለውን እንኳ ያገኝልዎታል፣ ግን ኮሜንት (ለሰው የተጻፈ ማስታወሻ) ውስጥ ያለውንም፣ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ለተጠቃሚው የሚታየውንም አብሮ ይቀይረዋል። ዜሮው ላይ ሲደርስ ደግሞ ነገሩ ያበቃል። ፖይንተር ላይ የተመደበው ዜሮና ቁጥር ላይ የተመደበው ዜሮ በጽሑፍ ደረጃ አንድ ናቸው። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ዓይነታቸውን የሚያውቅ ብቻ ነው፣ እሱም ኮምፓይለሩ ነው። ክላንግ-ታይዲ «ሞደርናይዝ-ዩዝ-ነልፕትር» የሚል ቼክ አለው፤ ፖይንተር የሚጠበቅበትን ቦታ ብቻ ለይቶ ይቀይርልዎታል። ስም ሲቀይሩም ያው ነው። ሦስት ክላሶች «ሳይዝ» የሚባል ፈንክሽን ቢኖራቸውና እርስዎ የአንዱን ብቻ መቀየር ቢፈልጉ ክላንግዲ ይለየዋል፣ ሴድ አይለየውም።

ሁለት ነገር ግን ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ በፋይሎቹ ላይ ክላንግ-ታይዲን በ«ፊክስ» አማራጭ ጎን ለጎን አያስሩጡት። አንድ ሄደር በብዙ ፋይሎች ስለሚጠራ አንዱ እርማት እዚያው ቦታ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊገባ ይችላል። «ረን-ክላንግ-ታይዲ» የሚለውን ስክሪፕት ይጠቀሙ፤ እርማቶቹን መጀመሪያ ሰብስቦ የተደጋገመውን አውጥቶ ነው የሚተገብረው። ሁለተኛው የባሰ ነው። መሣሪያው የሚያየው በዚያ ሰዓት ኮምፓይል የሆነውን ኮድ ብቻ ነው። ሊኑክስ ላይ ካስኬዱት «ኢፍዴፍ» (እንደ ሲስተሙ ኮድ የሚመርጥ ትእዛዝ) ውስጥ ያለው የዊንዶውስ ክፍል ለሱ የለም፣ ሳይነካ ያልፈዋል። ኮዱ በሁለቱም ላይ የሚሠራ ከሆነ በሁለቱም ላይ ያስኪዱት።

ጥያቄ፦ የክላንግ-ታይዲን ቼኮች በሙሉ ብከፍታቸው የማያልቅ ማስጠንቀቂያ መጣብኝ። አንዱ የሚለውን ሌላው ይቃወማል። — ወንድምህ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ሁሉንም መክፈት አይገባም። አንዳንዶቹ ቼኮች ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ የተጻፉ ናቸው። «ፉሺያ» የሚል መነሻ ያላቸው የጉግል ፉሺያ ሲስተም ሕጎች ናቸው፣ አንተን አይመለከቱህም። በ«ባግፕሮን» (ለባግ የሚያጋልጥ ኮድ በሚፈልጉት ቼኮች) ጀምር። ከነሱ መካከል «ዩዝ-አፍተር-ሙቭ» ብቻ እንኳ ዋጋው ብዙ ነው፤ ይዘቱ ወደ ሌላ ቦታ የተዛወረ ቫሪያብል እንደገና ሲነካ ይይዛል። እነሱን አጽድተህ ስትጨርስ ሌላ ጨምር።

ጥያቄ፦ ፕሮጀክቱን በሙሉ ፎርማት ብናደርገው የኮዱን ታሪክ የሚይዘው ጊት በብሌም ትእዛዙ ሁሉንም መስመር በእኔ ስም ያወጣል። ይህን መስመር ማን ለምን ጻፈው የሚለው ይጠፋል ብለው ባልደረቦቼ እምቢ አሉ። — እህትህ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ስጋታቸው ልክ ነው፣ መፍትሔ ግን አለው። ፎርማት የተደረገበትን ለብቻው አንድ ኮሚት (በጊት የሚመዘገብ ለውጥ) አድርጊው፣ ሌላ ምንም ለውጥ እንዳትቀላቅዪበት። ከ2019ኙ የጊት 2.23 ቨርዥን ጀምሮ ብሌም የተወሰኑ ኮሚቶችን እንዲዘል ማዘዝ ይቻላል። የኮሚቱን መለያ በአንድ ፋይል ጽፈሽ ጊትን «ይህን ፋይል እይ» ማለት ነው። የሁላችሁም ክላንግ-ፎርማት አንድ ቨርዥን መሆኑን ግን አረጋግጡ። ቨርዥኖቹ በትንንሽ ነገር ስለሚለያዩ አንዱ ያስተካከለውን ሌላው ሲመልሰው ትውላላችሁ።

ጥያቄ፦ ኮሜንቶቼን በአማርኛ ነው የምጽፈው። ክላንግ-ፎርማት ያበላሽብኛል? — ከጎንደር

መልስ፦ ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 (የብዙ ቋንቋ ፊደላትን በሚይዘው የፋይል አጻጻፍ) እስካስቀመጥክ ድረስ ፊደሉን አይነካውም። ረጅም ኮሜንት ሲያገኝ ግን በክፍት ቦታው ላይ ቆርጦ ወደ ታች ያወርደዋል። ካልፈለግህ «ሪፍሎው ኮሜንትስ» የሚለውን ማስተካከያ አጥፋው።