የዳሽቦርድ አምፖል በኤልኢዲ ሲቀየር ባትሪው ለምን አልሞላ ይላል?

ጥያቄ፦ የቆየች መኪናዬ የዳሽቦርድ አምፖሎች በየጊዜው ስለሚቃጠሉ ሁሉንም አውጥቼ በኤልኢዲ ቀየርኋቸው። ሁለቱ ጨርሶ አልበሩም፤ የበሩትም ብዙ ሳይቆዩ መብለጭለጭ ጀመሩ። የፍጥነት መለኪያው መሃሉ ደምቆ ዳር ዳሩ ጨለማ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሞተሩን አስነስቼ ነዳጅ በደንብ ካልረገጥሁ በቀር ዲናሞው ባትሪውን አይሞላም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በመጨረሻ ከጠቀሱት ልጀምር፤ ከሁሉም የሚያሳስበው እሱ ነውና። የባትሪ ሥዕል ያለበት ቀይ መብራት ከማስጠንቀቅ ሌላ የያዘው ሥራ አለ። በበርካታ የቆዩ መኪኖች ላይ ቁልፉ ሲከፈት ከባትሪው የተነሣው ከረንት በዚህ አምፖል ውስጥ አልፎ ወደ ዲናሞው ይገባና በውስጡ የሚዞረውን ጥቅል ሽቦ ማግኔት ያደርገዋል፤ ዲናሞው በዝቅተኛ ዙር ማመንጨት የሚጀምረውም በዚህ መነሻ ማግኔት ነው። በቦታው የነበረው አምፖል ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ዋት ስለሚሆን ከ170 እስከ 250 ሚሊአምፔር ያሳልፋል፤ ትንሽ ኤልኢዲ ግን የሚያሳልፈው 20 ሚሊአምፔር ገደማ ነው። በዚህ ምክንያት ዲናሞው ሥራ የሚጀምረው ሞተሩ ዙር ሲጨምርና በብረቱ ውስጥ የቀረው ደካማ ማግኔት ሲያግዘው ብቻ ይሆናል።

በዚህ ቦታ የቀድሞውን ዓይነት አምፖል እንዲመልሱ አጥብቄ እመክራለሁ። መብራቱ የሚበራው ቁልፍ ከተከፈተበት ሞተር እስኪነሣ ላለችው አፍታ በመሆኑ ቶሎ የሚቃጠልበት ምክንያት የለም፤ በኤልኢዲ መቀየሩም ምንም አያተርፍልዎትም። የግድ ኤልኢዲ ይሁን ካሉ 68 ኦም፣ 5 ዋት የሆነ ሬዚስተር (ከረንትን የሚገድብ ትንሽ ዕቃ) ከኤልኢዲው ጋር በትይዩ፣ ማለትም ሁለት ጫፎቹን ከኤልኢዲው ሁለት እግሮች ጋር አገናኝተው ያስሩለት። በ12 ቮልት 176 ሚሊአምፔር ያህል ስለሚያሳልፍ የአምፖሉን ድርሻ ይሸፍናል፤ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ተከፍቶ ሲቆይ ግን ስለሚግል ፕላስቲክም ሆነ ሌላ ሽቦ እንዳይነካ አድርገው ያስቀምጡት። የኤርባግና የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ማስጠንቀቂያ አምፖሎችንም ባሉበት ይተዋቸው፤ የአንዳንድ መኪኖች መቆጣጠሪያ የአምፖሉን ሁኔታ ስለሚከታተል ኤልኢዲውን እንደ ብልሽት ሊቆጥረው ይችላል።

ያልበሩት ሁለቱ ተገልብጠው የገቡ ይመስለኛል። ኤልኢዲ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ይለያል፤ ስለዚህ አውጥተው አዙረው ይክተቱት። አሁንም ካልበራ ሶኬቱን ይመርምሩ። የእነዚህ ኤልኢዲዎች እግር በፕላስቲኩ ጎን ወደ ላይ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ፕላስቲኩ ከቀድሞው አምፖል የመስታወት እግር ከሳሳ በሶኬቱ ውስጥ ይወዛወዛል፣ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥርም ይበራል፣ ይጠፋል። ሽቦዎቹን በቀጭን ፒንሳ ጥቂት ወደ ውጭ ገፋ ማድረግ ይበቃል። ከጌጁ (መለኪያዎቹና መብራቶቹ ካሉበት ሳጥን) ጀርባ የተለጠፈውን የመዳብ መስመር በአልኮል በራሰ ጥጥ ይጥረጉት፤ እንደ ወረቀት የሳሳ ስለሆነ በብርጭቆ ወረቀትም ሆነ በቢላዋ መፋቅ ፈጽሞ አይገባም።

እግሩ ጠብቆ ተቀምጦ ሳለ መብለጭለጩ ከቀጠለ ጥፋቱ የኤልኢዲው ነው። ርካሾቹ ከረንትን የሚገድቡት በአንዲት ሬዚስተር ብቻ ነው። ሦስት ነጭ ኤልኢዲዎች ተከታትለው ሲታሰሩ 9 ቮልት ገደማ ይወስዳሉ እንበል፤ ባትሪው 12 ቮልት ሲሆን ለሬዚስተሯ የሚተርፈው 3 ቮልት ነው። ሞተሩ ተነሥቶ ቮልቱ 14.4 ሲደርስ ግን የሚተርፈው 5.4 ቮልት ይሆናል። የመኪናው ቮልት የጨመረው በአንድ አምስተኛ ሆኖ ሳለ በኤልኢዲው የሚያልፈው ከረንት በ80 በመቶ ይጨምራል ማለት ነው፤ አየር በማይገባበት የጌጅ ሳጥን ውስጥ ይህ ሙቀት ኤልኢዲውን ቀስ በቀስ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ሲገዙ ድምቀቱን ትተው በውስጡ ከረንት የሚቆጣጠር ቺፕ ያለው፣ ቢያንስ ከ9 እስከ 16 ቮልት ድረስ ብርሃኑ የማይለዋወጥ መሆኑን ይጠይቁ። እኔ ከዚህ ያነሰውን ለዳሽቦርድ አላስገባም።

የመሃሉ ድምቀት ከአቅጣጫ የመጣ ነው። አምፖል ዙሪያውን ያበራል፣ ከጌጁ ጀርባ ያለው ነጭ ሳጥንም ብርሃኑን ያሰራጫል፤ አፉ ላይ ብቻ ብርሃን ሰጪ ቺፕ ያለው ኤልኢዲ ግን ወደ ፊት ብቻ ይወረውራል። በጎኑም ብርሃን ሰጪ ቺፕ ያለውን ይምረጡ፤ ቁመቱም ከቀድሞው አምፖል እንዳይበልጥ። ቀለሙን በተመለከተ፣ ከጌጁ ጀርባ አረንጓዴ ማጣሪያ ካለ አረንጓዴ ኤልኢዲ ያስገቡ፤ ለቀይ ምልክቶችም ቀዩ ይሻላል፣ የነጭ ኤልኢዲ ብርሃን ቀይ ድርሻው አነስተኛ ስለሆነ በቀይ ማጣሪያ ሲያልፍ ይደበዝዛልና። የቆየው ዓይነት የብርሃን መቀነሻ የተሠራው ለአምፖል ከረንት በመሆኑ ኤልኢዲውን እንደ ቀድሞው ላይቀንስልዎት ይችላል። የፍሬቻው ምልክት ለግራና ለቀኝ አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከረንቱ በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚመላለስበት ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የማይለይ ኤልኢዲ ያስፈልገዋል።

ዳሽቦርዱን ከመፍታትዎ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ያላቅቁ፤ የመለኪያዎቹን መርፌዎች አይንኩ። ጌጁን ወደ ቦታው ከመመለስዎ በፊት ሶኬቱን ሰክተው፣ ኔጋቲቩን መልሰው፣ ቁልፉን ይክፈቱና የማስጠንቀቂያ መብራቶቹ መብራታቸውን አንድ በአንድ ይዩ፤ የፓርኪንግ መብራትም አብርተው የጌጁን ብርሃን ይመልከቱ። በመጨረሻ ሞተሩን አስነሥተው፣ ነዳጅ ሳይረግጡ፣ በባትሪው ላይ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ይለኩ። ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ካሳየና ቀዩ የባትሪ መብራት ከጠፋ ዲናሞው ከመነሻው እየሞላ ነው፤ 12 ቮልት አካባቢ ከቆመ ግን አምፖሉ ከተመለሰም በኋላ ዲናሞው ራሱ ተፈትሾ መታየት ይኖርበታል።