ለእማዬ ምን ልግዛላት?

ገና ሲቃረብ ከሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ግማሹ ስለ ስጦታ ነው። ዘንድሮ ደግሞ የተማሪዎቹ በዛ። ሦስቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ላንቺ። ዓምድሽን ከፍሬሽ ጀምሬ ነው የማነበው። አሁን አርባ ምንጭ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ ቤተሰቦቼ ያሉት ደብረ ብርሃን ነው። ነን ካፌ ስለሆንኩ (ግቢው ካፌ በመብላት ፈንታ ብሩን የምወስድ ማለት ነው) በቀን ከሚታሰብልን 100 ብር ላይ እየቆጠብኩ፣ ግቢ ከገባን ጀምሮ 2500 ብር አጠራቅሜያለሁ። ለእማዬ የገና ስጦታ ነው። ግን የዶርሜ ልጆች ሲክሬት ሳንታ እንጫወት (በዕጣ ለደረሰሽ ሰው በድብቅ ስጦታ መግዛት ነው) አሉና የስጦታው መነሻ 1000 ብር ይሁን ተባለ። አፍሬ እሺ አልኩ። ለእማዬም ምን እንደምገዛላት ግራ ገብቶኛል። ሽቶ ወይስ ቦርሳ? ካነሰሽ ላበድርሽ ያለችኝ ጓደኛ አለች።

መልስ፦ የብድሩን ነገር እርሺው። ተበድረሽ ብትገዢ ጥር ላይ የምትከፍዪው ከምሳሽ ነው፤ እናትሽ ይህን ብታውቅ የሰጠሻት ነገር እንደ እሳት ይፈጃታል።

ሽቶውንም ተይው። እኔ ሦስተኛ ዓመት ሆኜ ለእናቴ ሽቶ ገዝቼላት ነበር። ደስ አላት፣ መረቀችኝ፣ ጎረቤት ጠርታ አሳየች። ከዚያ ሽቶው ከነላስቲኩ ቡፌ ውስጥ ገባ፣ ከሲኒዎቹ ጎን። ዘጠኝ ዓመት! አቧራ ስትጠርግ ታነሣዋለች፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ሽቶ የምትቀባ ሴት አልነበረችም። እኔም ጠፍቶኝ አይደለም፣ የገዛሁት ጓደኞቼ ሲያዩት «ዋው!» እንዲሉልኝ ነበር። ቆይቼ ደግሞ የባሰውን ሰማሁ፤ በዚያው ወር ለኪስ ብላ የላከችልኝ ብር ከዕቁብ ጓደኛዋ የተበደረችው ኖሯል። እስካሁን ያ ጠርሙስ ትዝ ሲለኝ ጉሮሮዬን ያንቀኛል።

ደግሞ ያለሽበትን ቦታ ልብ በይው እስቲ። አርባ ምንጭ ሙቀት ስለሆነ ጋቢ ትዝም አይልሽ ይሆናል። ግን የጨንቻን መንገድ ይዘሽ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ብትወጪ ዶርዜ ትደርሻለሽ፣ ሽመና የሰዉ እንጀራ የሆነበት አገር። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ከሚሸምኑት ብዙዎቹ ከዚያው ከጋሞ ደጋ የወጡ ናቸው። እናትሽ ደግሞ ያለችው 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ የታኅሣሥ ውርጭ አጥንት በሚሰብርበት ደብረ ብርሃን። የገና ሌሊት ነጠላዋ ላይ ጋቢ ደርባ ቤተ ክርስቲያን ስትቆም ይታይሽ። ማን ገዛልሽ ሲሏት የምትመልሰውንም።

አገዛዙን ልንገርሽ። ከክፍልሽ የጋሞ ልጅ አይጠፋም፣ የገበያውን ቀን ጠይቂና አብራችሁ ሂዱ። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ ከሚሸምነው ሰውዬ ራሱ ብትገዢ ምርጥ ነው፣ ብሩ የደላላ እጅ ላይ አይቀርም። የእጅ ሥራ መሆኑን ለመለየት ማጉን፣ አግድም የሚገባውን ክር፣ እዪው። በእንዝርት የተፈተለ ክር አንዱ ጋ ወፈር፣ አንዱ ጋ ቀጠን ይላል፤ የፋብሪካው ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። ድሩ የፋብሪካ ክር ቢሆን አትደንግጪ፣ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው የሚሠራው። መሐሉ ላይ የተሰፋበት መስመር ብታዪም የተቀደደ እንዳይመስልሽ፣ መሸመኛው ጠባብ ስለሆነ ሁለት ቁራጭ ተገጥሞ ነው ጋቢ የሚሆነው። ዋጋ ተከራከሪ፣ ገበያ ነው። ግን መጀመሪያ ስንት ቀን እንደፈጀበት ጠይቂው፣ ሚስቱ ስትፈትል የቆየችበትንም ጨምረሽ። ከዚያ በኋላ «በግማሽ ስጠኝ» ለማለት አፍ አይኖርሽም።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ለምትገዙም አንድ ነገር ልጨምር። ከጋሞ ደጋ «ዘመድ ያስተምራችኋል» እየተባሉ መጥተው፣ ከትምህርት ቤት ይልቅ መሸመኛ ላይ የዋሉ ሕፃናት ታሪክ አዲስ አይደለም። ስለዚህ ጥበቡን ብቻ አይታችሁ አትውጡ። ማን ሠራው በሉ። ደፋር ጥያቄ ነው፣ ባለሱቁም ፊቱን ሊያጠቁር ይችላል፣ ይጥቆር። ቀና መልስ የሚሰጥ ሻጭ ካገኛችሁ ደንበኛ አድርጉት።

2500ው ለጋቢ ካልሞላ ወንድም ወይም እህት ካለሽ አስዋጪ፤ ካልሆነ ጥሩ ነጠላ ይበቃል። ፈተና ይዞሽ ለገና ደብረ ብርሃን ካልሄድሽ ወደዚያ የሚሄድ የግቢ ልጅ ፈልገሽ በሰው ላኪው።

አሁን ወደ ዶርሙ። 1000 ብር ለአንቺ የአሥር ቀን ምግብ ነው። ይህን በልብሽ የምታሰላው አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ ከዶርምሽ ልጆች ሁለቱ ወይም ሦስቱም እንደ አንቺ አፍረው ነው እሺ ያሉት። ማታ ሁላችሁም ባላችሁበት «ልጆች፣ እኔ 1000 አልችልም፣ ጣሪያው 200 ይሁን» በይ። ጣሪያ ነው ያልኩሽ፣ መነሻ አይደለም። መነሻ ሲሆን ያላት ልጅ ብር ታሳይበታለች፣ የሌላት ትሳቀቃለች። ካስፈለገም ያለ ብር ይሁን። ሹሩባ መሥራት የምትችል አትጠፋም፣ ያልገባትን ቻፕተር ቁጭ አድርጎ ማስረዳት አለ፣ ውሃ ሲጠፋ ደግሞ «ለአንድ ሳምንት ያንቺን ጄሪካን እኔ እቀዳለሁ» የሚል ወረቀት ብትሰጭኝ እኔ በበኩሌ ከሽቶ አስበልጠዋለሁ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር አንድ ዶርም የምንኖር አምስት ልጆች ነን። አንዱ ከገጠር የመጣ ልጅ ነው፣ ጫማው ተቀዷል፣ ለብርድ የሚደርበውም የለውም። ለገና አዋጥተን ጫማና ጃኬት በሰርፕራይዝ ልንሰጠው አስበናል። ጓደኛችን ግን ቪዲዮ ቀርጸን ቲክቶክ ላይ እንልቀቀው፣ ሌላውም ይማርበታል ይላል። ምን ትያለሽ?

መልስ፦ ጫማው ይሁን። ቪዲዮው አይሆንም።

ያ ልጅ ካሜራ ፊት ምን ማድረግ ይችላል? ማልቀስ አለበት፣ ካላለቀሰ «አላመሰገነም» ይባላል። በማግስቱ ካፌ ሲሰለፍ ሰው የሚያየው ጫማውን ነው። ቪዲዮው አገሩም ይደርሳል፣ እናቱ ስልክ ባይኖራት የጎረቤት ልጅ አለው፤ ልጇ በተቀደደ ጫማ ሲማር መክረሙን የምታውቀው በእናንተ ቪዲዮ ይሆናል። ደብቆላት የቆየውን ነው የምታወጡበት።

ሲተኛ ጫማውን ገልብጣችሁ ቁጥሩን አንብቡ። ሰልባጅ ብትገዙም ነውር የለውም፣ ግን ራሳችሁ የምታደርጉት ዓይነት ይሁን፣ ታጥቦ። ከዚያ አምስታችሁም ስጦታ ተለዋወጡና የእሱ ዕጣ ጫማው ይሁን፣ ጃኬቱ ደግሞ ሌላ ቀን በአንዳችሁ እጅ ይድረሰው። ትንሽ ማጭበርበር ናት፣ እኔ ፈቅጄላችኋለሁ። እሱም ለአንዳችሁ የሚሰጠው ነገር ይኑረው። ከቤቱ ያመጣው ቆሎ ቢሆን እንኳ ተቀበሉት፣ «አይ፣ አንተ ተወው» እንዳትሉት።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ የሴክሽን ተጠሪ ነኝ። ልጆቹ ወደየቤታቸው ከመሄዳቸው በፊት ታኅሣሥ 25 የገና ፕሮግራም አለን፣ ትልቅ የክሬም ኬክ ላዝ ነው። ከክፍላችን ግማሹ ጾመኛ ነው፣ ሙስሊም ልጆችም አሉ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው እንጂ! የነቢያት ጾም የሚፈታው በገና ነው። ከኅዳር 15 ጀምረው የታገሡ ልጆች አራት ቀን ሲቀራቸው ክሬም ፊታቸው ታስቀምጫለሽ? የጾም ኬክ እዘዢ። ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል እንደሌለው ኬክ ቤቱን ሁለቴ ጠይቂ፣ «ትንሽ ነው ያለው» የሚል መልስ አትቀበዪ። የጾሙን ሙስሊሙም ጴንጤውም ይበላዋል፣ ስለዚህ አንድ ኬክ ይበቃሻል። ቢላዋውን ግን ከላውንጅ የምታመጪ ከሆነ መጀመሪያ እጠቢው።