ሐረጎ ላይ የምትፈላው ዲኤክስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ኮምቦልቻ የማስተምር መምህርት ነኝ። የምነዳው አባቴ ትቶልኝ ያለፈውን ዲኤክስ ኮሮላ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴን ለመጠየቅ ደሴ እወጣለሁ። ከወር ወዲህ የሐረጎን ዳገት ሳጋምስ የሙቀቱ መርፌ ቀዩ ጋ ይደርሳል። ጠዋት ሳስነሳት ከፊት በኩል ትጮኻለች። ያደረችበት ቦታ ላይም ውሃ ይንጠባጠባል። ጋራዥ ብወስዳት «ታይሚንግ ቤልቱና የውሃ ፓምፑ አብረው ይቀየራሉ፣ ሞተር ይወርዳል» አሉኝ። የጠየቁኝ የሁለት ወር ደመወዜን ነው። ቁልፍ መያዝ አባቴ አስተምሮኛል። ራሴ ልሠራው እችላለሁ?

መልስ፦ ደህና ነኝ ልጄ፣ አልሐምዱሊላህ። የአባትሽን ነፍስ ይማር። ለልጃቸው ቁልፍ መያዝ ማስተማራቸው ትልቅ ነገር ነው።

ትችያለሽ። ሞተርም አይወርድም።

መጀመሪያ ሞተሩ ላይ የተመታውን ቁጥር እዪ። 4ኬ የሚል ካለ፣ ያ ሞተር ታይሚንግ ቤልት፣ ማለትም ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር አስማምቶ የሚያንቀሳቅስ የጎማ ቀበቶ፣ የሚባል ነገር የለውም። በሰንሰለት ነው የሚሠራው። በእኔ እጅ ካለፉት ዲኤክሶች አብዛኞቹ እንደዚያ ነበሩ። ከፊት የምታዪው ጎማ ቺንጋ ሥራው ሌላ ነው፤ ዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን ያዞራል። ቬንትሌተሩም፣ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ፣ ፓምፑ ላይ ነው የታሰረው። ስለዚህ ቺንጋው ከላላ ፓምፑም ቬንትሌተሩም በደንብ አይዞሩም። ሜዳ ላይ ላይታወቅሽ ይችላል። ሐረጎ ላይ ግን በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ትወጫለሽ። በከባድ ማርሽ፣ በዝግታ። ነፋስ ራዲያተሩን አይመታውም። ያኔ ጉዱ ይወጣል።

ቁልፍ ከማንሳትሽ በፊት በሽታውን ለዪ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ቺንጋውን በፓምፑና በዲናሞው መሃል በአውራ ጣትሽ ጠንከር አድርገሽ ተጫኚው። አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሰምጥ ደህና ነው። ከዚያ በላይ ከሄደ ላልቷል። ገልብጠሽ የውስጡን ጎን እዪ። እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ወይም ከተሰነጣጠቀ ማጥበቅ አያድነውም፣ ይቀየር። የጠዋቱ ጩኸት ከእሱ ሳይሆን አይቀርም።

ቀጥሎ የቬንትሌተሩን ጫፍ በሁለት እጅሽ ይዘሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅነቅ አድርጊው። ቀቅ የሚል ነገር ከተሰማሽ የፓምፑ ዘንግ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልቋል። ከዚያ በባትሪ መብራት ከፓምፑ ሆድ ሥር ፈልጊ። ትንሽ ቀዳዳ አለች። ብዙ ሰው እሷን ሳያይ ነው ራዲያተር የሚያስበይደው። ያቺ ቀዳዳ ሆን ተብላ የተተወች ናት። የውስጡ ማሸጊያ ሲያልቅ ውሃው በእሷ ይወጣል። ከሥሯ የዝገት ወይም የአረንጓዴ ውሃ መስመር ካየሽ ፓምፑ አልቆለታል። ቀዳዳዋን በማስቲሽ እንዳትደፍኛት። ውሃው ኩሽኔታው ውስጥ ገብቶ ይበላዋል፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ቬንትሌተሩ ከነፓምፑ ራዲያተሩን ይቀደዋል።

የራዲያተሩን ክዳንም አትርሺ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ክፍት ድስት 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ውሃሽ ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ እንዲቆይ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ጎማው የደረቀ ክዳን ካለሽ፣ ፓምፑ አዲስ ቢሆን እንኳ ሐረጎ ላይ ትፈላለች። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ለውጪው።

አሁን ወደ ሥራው። አንድ ነገር ማይልኝ፦ በፈላ ሞተር ላይ ክዳን አትንኪ። ከብዙ ዓመት በፊት ሐረጎ ላይ አንድ መኪና ፈልቶብኝ ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ዞር አደረግኩት። ሩብ ዙር እንኳ አልሞላም። የግራ ክንዴ ከክርን እስከ አንጓ ተላጠ። ጠባሳው ዛሬም አለ። አንድ ሰዓት ቁጭ ብለሽ ጠብቂ። ቀዝቃዛ ውሃም አታፍስሺበት፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይሰነጠቃል።

እሁድ ጠዋት ቀዝቅዛ ሳለች ጀምሪ። የባትሪውን ነጌቲቭ ንቀዪ። ከራዲያተሩ ሥር ሳፋ አድርገሽ ውሃውን አውጪ። አረንጓዴው ውሃ ጣፋጭ ነው፣ ግን መርዝ ነው። ሳፋውን ልጅ፣ ውሻ ወይም ፍየል በሚደርስበት አትተዪው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ቺንጋውን ከማላላትሽ በፊት የቬንትሌተሩን አራት ዳዶዎች ላላ አድርጊ። ቺንጋው ጠብቆ ሳለ የሚጠመጠምበትን ፑሊ ይዞልሽ ይቆያል። ካላላሽው በኋላ ከቁልፍሽ ጋር አብሮ ይዞራል፣ ስትታገዪ ጣትሽን ትልጪያለሽ። ከዚያ የዲናሞውን ብሎን አላልተሽ ዲናሞውን ወደ ሞተሩ ግፊው፣ ቺንጋው ይወጣል። 10፣ 12 እና 14 ቁልፍ ካለሽ ይበቃሻል።

ከካርቶን ላይ የፓምፑን ቅርጽ ሳዪ። ብሎኖቹን ስትፈቺ ከየቦታቸው ካርቶኑ ላይ ሰክተሽ አስቀምጪ። ርዝመታቸው አንድ ላይሆን ይችላል። ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ካስገባሽው ሳይጠብቅ ይነክሳል ወይም ይበሳል። እኔ ዛሬም በካርቶን ነው የምሠራው።

ፓምፑ እምቢ ካለ በእንጨት ቀስ እያልሽ ምቺው እንጂ ካቻቢቴ አትሰኪበት። የቀረውን አሮጌ ጋስኬት (በፓምፑና በሞተሩ መሃል ያለውን ማሸጊያ) ስታነሺ ቀዳዳውን በጨርቅ ውተፊ፣ ፍርፋሪው ወደ ውስጥ እንዳይገባ። ፓምፑ የሚያርፍበትን ፊት በምላጭ ጠርገሽ ንጹሕ አድርጊው። ይህን ሥራ አትቸኩዪበት። ግማሽ ሰዓት ይውሰድብሽ። አዲስ ፓምፕ ተገጥሞ ከጋስኬቱ በኩል የሚያፈሰው ብዙ ጊዜ ፊቱ ስላልጸዳ ነው። አዲሱን ጋስኬት በስሱ ሲሊኮን ቀብተሽ ግጠሚ። ብሎኖቹን በመስቀል፣ ጥቂት ጥቂት እያልሽ አጥብቂ። በጉልበት አይደለም፤ ጥርሱ ቢበላ ችግሩ ሌላ ይሆናል።

ቬንትሌተሩን፣ ቺንጋውንና የባትሪውን ነጌቲቭ ከመለስሽ በኋላ፣ ውሃ ስትሞዪ የመኪናውን ማሞቂያ ክፈቺ፣ ክዳኑን ሳትገጥሚ አስነሺ፣ አረፋው እስኪቆም ቀስ እያልሽ ጨምሪ። የቧንቧ ውሃ ብቻ አትሙዪ። ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ የምታዪው ነጭ ቅርፊት ራዲያተሩ ውስጥም ይሠራል። ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ቀላቅዪበት። አዲስ ቺንጋ ይለጠጣልና ከመጀመሪያው የደሴ ጉዞ በኋላ ዳግመኛ በአውራ ጣትሽ ፈትሺው።

አንድ ሌላ ጥያቄ፣ ከወልዲያ፦ «የእኔ መኪና ታይሚንግ ቤልት ያለው ነው። የውሃ ፓምፑን ራሴ ልቀይር?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያንተ ከመምህርቷ ይለያል። አንዳንድ ሞተር ላይ ፓምፑን የሚያዞረው ራሱ ታይሚንግ ቤልቱ ነው። የቤልቱን የአገጣጠም ምልክቶች ሳታስተካክል ገጥመህ ካስነሳህ በአንዳንዱ ሞተር ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ምልክት ማየት የሚያውቅ ሰው አጠገብህ ይኑር። ቤልቱ ከተፈታ ግን አሮጌውን አትመልሰው፣ ፓምፑንም አብረህ ቀይር። ድካሙ አንድ ነው።