«ከሃያው ጥያቄ ለዘጠኙ ‹አዎ› ብያለሁ፤ ታምሜያለሁ ማለት ነው?»

ጥያቄ፦ ውድ የዝግጅት ክፍል፣ ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም እኖራለሁ፤ ዘንድሮ አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዶርም ስላልደረሰኝ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ተነስቼ በሁለት ትራንስፖርት ክፍል እገባለሁ፤ ቤት የምመለሰው ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ሲሆን አጥንቼ የምተኛው ወደ 5 ሰዓት ገደማ ነው። በቅርቡ ለጥናት የመጡ ሰዎች ስም የማይጻፍበት፣ «አዎ» ወይም «የለም» እየተባለ የሚመለስ የሃያ ጥያቄዎች ቅጽ አስሞሉን። እኔ ዘጠኙን «አዎ» አልኩ። ኋላ ስልኬ ላይ ሳነብ ስምንትና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው የአእምሮ ችግር አለበት የሚል ጽሑፍ አየሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያለችኝም እንቅልፍ ጠፋች። እናቴ «ጠበል እንሂድ» ትላለች። ታምሜያለሁ ማለት ነው? ውጤቱስ ሬጅስትራር ያለው ፋይሌ ውስጥ ይገባ ይሆን?
ተመላላሿ ተማሪ፣ ከኮዬ ፈጬ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ለዘጠኝ ጥያቄዎች «አዎ» ማለትሽ ታመሻል ማለት አይደለም፤ እንዲያው የሚታለፍ ነገር ነው ማለትም አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለውን ለመረዳት ቅጹ ለምን እንደተሠራ ማወቅ ይጠቅማል።

ከአገላለጽሽ እንደምንረዳው የሞላሽው፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ያዘጋጀውንና በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ለሚካሄዱ ጥናቶች በብዛት የሚያገለግለውን፣ ስላለፉት 30 ቀናት የሚጠይቅ ቅጽ ነው። የታሰበው የአእምሮ ሐኪም እንደ ልብ በማይገኝባቸው አገሮች፣ ከብዙ ሰው መካከል ተጨማሪ ምርመራ ሊያስፈልገው የሚችለውን ለመለየት እንጂ ምርመራውን ራሱን ለመተካት አይደለም። የታመመ ሰው ሾልኮ እንዳያልፍ ሲባል ወንፊቱ ጠበቅ ተደርጎ ስለተሠራ፣ ያልታመሙም አብረው ይያዙበታል። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በምናብ ቁጥር እናስላው፦ ከ100 ተማሪዎች 20ዎቹ በእርግጥ ሕክምና የሚያሻቸው ናቸው እንበል። ቅጹ ከእነዚህ 16ቱን ቢለይ፣ ከቀሩት 80 ደግሞ 16ቱን በስሕተት ቢይዝ፣ «ችግር አለባቸው» ከተባሉት 32 ተማሪዎች ግማሾቹ ሕመም የለባቸውም። አንቺ ከየትኛው ወገን እንደሆንሽ ቁጥሩ ብቻውን ሊነግርሽ አይችልም።

ስልክሽ ላይ ያነበብሽው መለያ ነጥብም ቢሆን በድንጋይ ላይ የተጻፈ አይደለም። ስምንት «አዎ» በብዙ አገሮች የተለመደ መነሻ ነው፤ ሆኖም ድርጅቱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው መመሪያ ነጥቡ በየአገሩና በየማኅበረሰቡ ተፈትሾ እንዲወሰን ያሳስባል። በዚሁ ቅጽ በቡታጅራ አካባቢ ነዋሪዎች ላይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1999 ለኅትመት የበቃው ጥናት፣ ችግር አለበት ብሎ የቆጠረው 11 ጥያቄዎችንና ከዚያ በላይ «አዎ» ያለውን ሰው ነበር። በዚያ መለኪያ አንቺ ከተቆጠሩት ውስጥ አትገቢም ነበር ማለት ነው። ጥናቶች ስለ ብዙ ሰው አንድ ላይ የሚናገሩትን፣ አንድ ሰው ማታ አልጋው ላይ ሆኖ ስለ ራሱ እንደተነገረ ፍርድ ሲያነበው እንዲህ ያለ ጭንቀት ይፈጠራል።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበን የትኞቹ ዘጠኝ እንደሆኑ ነው። ቅጹ ራስ ምታትን፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስን፣ የእንቅልፍ መጓደልን፣ ቶሎ መድከምን፣ በጥራት ለማሰብ መቸገርን ይጠይቃል፤ 10 ሰዓት ተኩል የምትነሳ ተማሪ እነዚህን ሁሉ «አዎ» ብትል የሚያስገርም አይደለም። ሕይወትን ስለማጥፋት ለሚጠይቀው ጥያቄ «አዎ» ብለሽ ከሆነ ግን የቀሩት ስንትም ቢሆኑ አይጠበቅም፤ ዛሬውኑ ለምታምኚው ሰው ንገሪ፣ ብቻሽን አትሁኚ፣ በአቅራቢያሽ ወዳለ ሆስፒታልም ሂጂ። ያ ባይኖርም፣ ሐዘኑ ወይም ጭንቀቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይለቅሽ ከቆየ፣ ክፍል መግባት፣ መብላት፣ ከሰው ጋር መጫወት ካቃተሽ የግቢውን የተማሪዎች የምክር አገልግሎት ወይም የሰፈርሽን ጤና ጣቢያ ጠይቂ። አማኑኤል ሆስፒታልም ብዙ ሰው እንደሚያስበው ለጠናበት ሕመምተኛ ብቻ የተከፈተ አይደለም፤ መጥተው ታይተው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ በርካታ ናቸው።

ስለ እንቅልፍ ትንሽ ዘርዘር እናድርግ። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው በየሌሊቱ ቢያንስ 7 ሰዓት ሲሆን አንቺ ግን አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው የምትተኚው። የእንቅልፍ ማጣት የጭንቀት ውጤት ብቻ ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲታሰብ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ፣ በ26 የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩ 3,755 እንቅልፍ የሚቸገሩ ተማሪዎችን ያሳተፈ ጥናት ግን መንገዱ በሌላውም አቅጣጫ እንደሚሄድ አሳይቷል፦ በኢንተርኔት የተሰጠው የእንቅልፍ ሕክምና እንቅልፋቸውን ሲያሻሽል ድብርታቸውና ጭንቀታቸውም ቀነሰ። ተሳታፊዎቹ በዕጣ ተከፍለው ስለተነጻጸሩ ይህ ማስረጃ ከአንድ ጊዜ መጠይቅ እጅግ ይጠነክራል። እርግጥ ነው፣ አውቶቡስ ለሚጠብቃት ተማሪ «ብዙ ተኚ» ብሎ መምከር ቀላል ነው። የመነሻ ሰዓትሽን መለወጥ ካልቻልሽ የምትተኚበትን ወደ 3 ሰዓት ተኩል ማምጣት ይቻል እንደሆነ ሞክሪ፤ ይህ የሚሆነው የማታውን ጥናት በክፍለ ጊዜዎች መካከል ባለው ክፍት ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስትጨርሺው ነው። አልጋ ላይ ሆኖ ስለ ሕመም ምልክት ስልክ ላይ መፈለግን ግን ከዛሬ ጀምሮ ተዪው።

ዶርም አለመኖር ሌላም ነገር ያጓድላል፤ ጓደኝነት የሚጠነክረው ከትምህርት በኋላ ባለው ጊዜ ሲሆን አንቺ በዚያ ሰዓት ሰልፍ ላይ ነሽ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት፣ በአንደኛ ዓመት «እዚህ ቦታ የእኔ አይደለም» የሚለው ስሜት ብዙዎችን እንደሚገጥምና ከጊዜ ጋር እንደሚያልፍ ከነባር ተማሪዎች ልምድ ያነበቡ ጥቁር ተማሪዎች በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ውጤታቸው ተሻሽሏል። አገሩም ሁኔታውም የተለየ ስለሆነ እዚህም እንዲሁ ይሆናል አንልም፤ ከኮዬ ወይም ከቱሉ ዲምቱ የሚመላለሱ የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎችን የመጀመሪያውን ዓመት እንዴት እንዳለፉት መጠየቅ ግን ምንም አያስወጣሽም።

እናትሽ ጠበል ማለታቸው ከፍቅር ነው፤ መሄዱ የሚያጽናናሽ ከሆነ ሂጂ፣ ነገር ግን የሐኪም ቀጠሮ ቢኖርሽ በጠበሉ ምክንያት እንዳይቀር፣ መድኃኒት ቢታዘዝልሽም እንዳይቋረጥ።

ሬጅስትራርን በተመለከተ፣ ስምና የመታወቂያ ቁጥር ካልተጻፈበት ቅጹን ከፋይልሽ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። መጠይቁን ከመሙላትሽ በፊት የስምምነት ወረቀት ተሰጥቶሽ ከሆነ የተመራማሪው አድራሻ እዚያው ላይ ስለሚገኝ፣ መረጃው ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ በቀጥታ ልትጠይቂው መብትሽ ነው።