በኖቬምበር ተራራ ላይ፦ ስለ ኤልክ አደንና ስለ ብርዱ ጥያቄና መልስ

ኮሎራዶ ውስጥ ኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዓይነት) ማደን ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ፤ የምኖረውም ዴንቨር ከተማ አጠገብ፣ አውሮራ ነው። የመጨረሻው የጠመንጃ አደን ወቅት በኖቬምበር ሁለተኛ አጋማሽ ይውላል። ዘንድሮ ለመውጣት ያሰቡ ወገኖች ጥያቄ ስላበዙ እዚህ በአንድነት እመልሳለሁ። ስለ ጠመንጃ ዓይነት ከምትጠይቁኝ ይልቅ ስለ አየሩ ብትጠይቁኝ እመርጣለሁ፤ ሰው የሚጎዳው በእርሱ ነውና።

ጋሼ፣ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ውርጭ አዲሴ አይደለም። ይህን ያህል መፍራት አለብኝ?

የደብረ ብርሃንን ውርጭ አውቀዋለሁ። ሌሊት ይወርዳል፣ ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ታባርረዋለች። እዚህ ግን ቀኑን ሙሉ ሊከርም ይችላል። በየ1,000 ሜትሩ ሽቅብ ስትወጣ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ ዴንቨር፣ 1,600 ሜትር ላይ፣ 10 ዲግሪ ሲሆን 3,200 ሜትር ላይ ዜሮ ገደማ ነው። ነፋሱን ደግሞ ጨምርበት፤ ከዜሮ በታች 10 ሆኖ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ከነፈሰ ፊትህ የሚሰማው ከዜሮ በታች 20 ያህል ነው።

ሌላም ልንገርህ። ደጋ መወለድህ ብቻውን አያድንህም። ሰውነት ቆላ ወርዶ ሲከርም የከፍታ ልምዱን ይተዋል። ከዳላስ ወይም ከሂዩስተን የምትመጡ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ዴንቨር አካባቢ እደሩ። ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ እየባሰ ከሄደ መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው።

ጋቢ ይዤ ብሄድስ?

ድንኳን ውስጥ፣ ደረቅ ሆኖ፣ ደስ ይበልህ። ተራራው ላይ ግን በፍጹም። ጋቢ ጥጥ ነው፤ ጥጥ ውኃ ይጠጣል፣ ከረጠበም አያሞቅም። የመንዝ እረኞች በርኖስና ባና የሚለብሱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሱፍ ረጥቦም ሙቀት ይይዛል። ገላህን የሚነካው ልብስ፣ ካልሲውም ጭምር፣ ሱፍ ወይም ላብ የማይዝ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይሁን። የውስጥ ሱሪ ከጥጥ አድርገው የሚመጡ ብዙዎች ናቸው፤ እርሱንም ለውጡት።

በዚህ ወቅት ከበረዶ ይልቅ የሚያስፈራኝ ላብ ነው። በሦስተኛው ዓመቴ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ወፍራም ካፖርት ለብሼ ዳገቱን ወጣሁ። ጫፉ ላይ ስደርስ ሸሚዜ ጠፈጠፍ ሆኖ ነበር። ነፋስ ላይ ተቀምጬ ንጋቱን ስጠብቅ መንቀጥቀጥ ጀመርኩ፤ ቆይቶም የኪሴን ዚፕ መክፈት አቃተኝ። አብሮኝ የነበረው ወንድሜ ቃላቴ መጎተታቸውን ሰምቶ ባያወርደኝ ኖሮ እዚያው እቀር ነበር። ጣት አልታዘዝ ሲል፣ እግር ሲደናቀፍ፣ አንደበት ሲተሳሰር ሰውነት ሙቀቱን እያጣ ነው። ሕመምተኛው ራሱ አያውቀውም፤ ጓደኛ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ብቻችሁን አትውጡ። ሽቅብ ስትሄዱ ጥቂት እስኪበርዳችሁ ድረስ ልብስ ቀንሱ፤ ካፖርቱ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። ጫፍ ስትደርሱ የውስጡን ሸሚዝ ቀይሩና ያን ጊዜ ልበሱት።

ብርቱካናማው ልብስስ ግዴታ ነው?

አዎን። በኮሎራዶ ሕግ ከወገብ በላይ ቢያንስ 500 ስኩዌር ኢንች ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ መታየት አለበት፤ ከየአቅጣጫው የሚታይ ባርኔጣም ያስፈልጋል። ካፖርት ስትደርቡ ብርቱካናማው ከውስጥ እንዳይቀበር ልብ በሉ።

ጠመንጃው በብርድ ይበላሻል?

የበዛ ቅባት ብርድ ላይ ይወፍራልና ጠርጋችሁ በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ማታ ሞቃት ድንኳን ውስጥ አታስገቡት፤ እርጥበት ይይዝና ጠዋት በረዶ ይሆናል። በረዶ እንዳይገባበት አፈሙዙ ላይ ስስ ፕላስተር ለጥፉ።

ምን እንብላ? ጾመ ነቢያትም እየገባ ነው።

ጾሙ ህዳር 15 ስለሚገባ አንዳንድ ዓመት ከወቅቱ ጋር ይገጥማል። ሥጋው ማቀዝቀዣ ውስጥ ገናን ይጠብቃል። ለመንገዱ ግን የእናቶቻችንን ስንቅ የሚበልጥ አላገኘሁም። ከሱቅ የሚገዛው ጣፋጭ እንጨት ሆኖ ጥርስ ይሰብራል፤ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ግን አይገግሩም። ኪስ ሙሉ ቆሎ ይዛችሁ በየሰዓቱ ቆርጥሙ፤ ለውዝ ብትቀላቅሉበት ይበልጥ ያበረታል። የውኃ ጠርሙሱን ገልብጣችሁ ያዙ፤ ውኃ ከላይ ስለሚረጋ ክዳኑ ክፍት ይቆያል። የውኃ ማጣሪያ አንዴ ከረጋ ውስጡ ይሰነጠቃልና ሌሊት ከእናንተ ጋር ይደር። ውኃ በ3,000 ሜትር 90 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ምስር እስኪበስል ብዙ ጋዝ ይፈጃል፤ ቤት ቀቅላችሁ ውሰዱ።

ድንኳን ውስጥ ከሰል ማንደድ ይቻላል?

አይቻልም። የከሰል ጭስ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን።

በረዶ ሲጥል ኤልኮቹ ወዴት ይሄዳሉ?

ደስ የሚለኝ ጥያቄ ይህ ነው። ማዕበል ሊመጣ ሲል በብርቱ ይግጣሉ፤ ሲወርድ ጫካ ውስጥ ይተኛሉ፤ ሰማዩ በጠራ በመጀመሪያው ጠዋት ደግሞ ተርበው ይወጣሉ። ያን ጠዋት ወደ ደቡብ የሚያየውን፣ ፀሐይ ሣሩን የምትገልጥበትን ተዳፋት በባይነኩላር ፈትሹ። እንስቶቹና ጥጆቹ በመንጋ ሆነው እዚያ ይገኛሉ። ትልልቆቹ ወንዶች ግን በመራቢያው ወቅት ከስተዋልና ጉልበት ላለመፍጀት ሁለት ሦስት ሆነው ከፍ ያለ ጥድ ውስጥ ይሸሸጋሉ፤ በረዶው ግማሽ ሜትር አካባቢ እስኪደርስ ለመውረድ አይቸኩሉም። ፈተናውም እዚህ ላይ ነው፤ እነርሱን የሚያወርደው በረዶ የእናንተንም መኪና ይዘጋል።

ታዲያ መቼ እንመለስ?

ሰፈር ሳትተክሉ በፊት ወስኑ። የእኔ ልክ ይህ ነው፤ ትንበያው ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ካለ ድንኳኑን በዋዜማው አወርዳለሁ። ለአራቱም ጎማ ሰንሰለት፣ አካፋና ሙሉ ነዳጅ ይኑራችሁ፤ ሰንሰለቱን ቤት ደጃፍ ላይ ማሰር ተለማመዱ። የሳተላይት መልእክት መላኪያም ያዙ፤ ሸለቆው ውስጥ ስልክ አይሠራም።

ከጣልነው በኋላ ማዕበል ቢጀምርስ?

ብርዱ ሥጋውን ይጠብቃል። ቆራርጣችሁ በከረጢት ጥላ ሥር ስቀሉት፣ ቦታውን ምልክት አድርጉና ውረዱ። ነገር ግን አንድ ወንድ ኤልክ 300 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በሁለት ሰው ትከሻ ብዙ ምልልስ ነው። የሚበላውን ሥጋ ማባከን ደግሞ በሕግ ያስቀጣል። ስለዚህ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ከመኪናው አምስት ኪሎ ሜትር ርቃችሁ፣ ሰማዩ እየጠቆረ ኤልክ ቢቆምላችሁ አትተኩሱ። እኔ ሁለት ጊዜ አሳልፌዋለሁ።