የተሸነፉበትን ቀን ለምን ያከብራሉ?

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር ነኝ። ካታላኖች (በስፔን የካታሎኒያ ክልል ሕዝብ) በየዓመቱ ሴፕቴምበር 11፣ እኛ እንቁጣጣሽ በምንልበት ቀን፣ ብሔራዊ በዓላቸውን ያከብራሉ። ቀኑ ግን የተሸነፉበት ነው አሉ። ተማሪዎቼ «ሽንፈት እንዴት በዓል ይሆናል?» ቢሉኝ መልስ አጣሁ። የታሪክ ጸሐፊዎች እጅ አለበት? (ከጎንደር፣ አዘዞ)

መልስ፦ አለበት እንጂ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) በ1714 ዓ.ም.፣ እዚያው ጎንደር አፄ ዮስጦስ ዙፋን ላይ ሳሉ፣ የካታሎኒያ ዋና ከተማ ባርሴሎና ከአንድ ዓመት በላይ ተከባ በስፔኑ ንጉሥ በፊሊፕ 5ኛ ጦር እጅ ወደቀች። በ1716 የወጣ አዋጅም የካታሎኒያን የራሷን የአስተዳደር ተቋማት አፈረሰ። ይህን የሚክድ የለም። ሕዝቡ ቀኑን በአደባባይ ማሰብ የጀመረው ግን በ1880ዎቹ ነው።

በመሐል ያለውን 170 ዓመት የሞሉት ጸሐፊዎች ናቸው። ቪክቶር ባላጌር ከ1860 ጀምሮ የካታሎኒያን ታሪክ በተከታታይ ቅጾች አሳተመ፤ የሚገርመው በካታላንኛ ሳይሆን በስፓኒሽ መጻፉ ነው። የባርሴሎና አዲሱ ሰፈር ሲቆረቆርም መንገዶቹን ቫሌንሲያ፣ ማዮርካ፣ አራጎን እያለ ከካታሎኒያ ጋር በአንድ ዘውድ ሥር በነበሩ ጥንታዊ ግዛቶች ስም ሰየማቸው። መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰው ሁሉ ገበያ ሲወጣ ታሪኩን በእግሩ ያነበዋል።

ጀግናም ተመረጠ። በከበባው ጊዜ የባርሴሎና መሪ የነበረው የራፋኤል ካሳኖቫ ሐውልት በ1888 ቆመ፤ ያየው ሁሉ ሰውየው በዚያው ቀን የወደቀ ይመስለዋል። እሱ ግን ቆስሎ ተረፈ፣ ወደ ጥብቅና ሥራው ተመለሰ፣ የሞተውም በ1743 ነው። በስፔኑ አምባገነን በጄኔራል ፍራንኮ ዘመን ሐውልቱ ተነሥቶ በ1977 ተመለሰ። በ1980 የካታሎኒያ ምክር ቤት ያወጣው የመጀመሪያው ሕግ ደግሞ ይህንኑ ቀን ብሔራዊ በዓል ያደረገው ነው።

ለክፍልዎ ሰሌዳውን ለሁለት ይክፈሉት፤ በአንዱ ድርጊቱ የሆነበትን፣ በሌላው መጀመሪያ የተጻፈበትን ዓመት ያስፍሩና ያቀናንሱ። በባንዲራቸው ይጀምሩ። አራቱን ቀይ መስመሮች የፍራንክ ሕዝብ (የጥንቱ የምዕራብ አውሮፓ ሕዝብ) ንጉሥ፣ በጦርነት በቆሰለው በካታሎኒያው መስፍን በጊፍሬ ደም ጣቶቹን ነክሮ ሣላቸው ይባላል። ጊፍሬ የሞተው በ897፣ ተረቱ የተጻፈው በ1551፤ ልዩነቱ 654 ዓመት። በአውሮፓ ጋሻ ላይ የዘር ምልክት መሣል ራሱ የተለመደው በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ለ1714 ግን ይህ ስሌት አይሠራም፤ ከበባው ያኔውኑ ተጽፏል። ስለዚህ መታሰብ የጀመረበትን ዓመት በሦስተኛ ረድፍ ይጨምሩ።

ከዚያ የራሳችሁን ያምጡ፦ አፄ ፋሲል ጎሽ ተከትለው ጎንደርን ቆረቆሩ የሚባለውን። ጥንቃቄው አንድ ነው፤ ክፍተቱ ሰፋ ማለት ነገሩ ውሸት ነው ማለት አይደለም፣ በቃል ሲወርድ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ተማሪዎቹ «ለምን በዚያ ዘመን ተጻፈ?» ብለው እንዲጠይቁ ብቻ ይግፏቸው።