«ኃይል» ስንል የትኛውን ማለታችን ነው?

ጥያቄ፦ የሳይንስ መምህር ነኝ። «የስበት ኃይል»፣ «የኤሌክትሪክ ኃይል»፣ «ምግብ ኃይል ይሰጣል» እንላለን። ፊዚክሱም ባዮሎጂውም የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው? ወይስ አማርኛው ነው ያቀላቀለው?

መልስ፦ ሦስቱ አንድ አይደሉም። የስበት ኃይል ይስባል፤ የሚለካው በኒውተን ነው። ከምግብ የምናገኘው ሥራ የመሥራት አቅም ነው፤ በጁል ወይም በካሎሪ ይለካል። «የኤሌክትሪክ ኃይል» ግን ሁለት ቦታ ይረግጣል። በዋት ሲለካ፣ በሰከንድ ስንት ጁል እንደሚያልፍ ይነግረናል። ቆጣሪዎ የሚቆጥረው ኪሎዋት ሰዓት ደግሞ ከምግቡ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው።

ይህን የመጨረሻውን ለተማሪዎችዎ በደንብ ቢያስረዱልኝ ደስ ይለኛል። ጀርመናዊው ሮበርት ማየር የመርከብ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1840 ጃቫ ላይ መርከበኞችን ሲያክም፣ የደም መልሳቸው ደም ከጠበቀው በላይ ቀልቶ አገኘው። በሞቃት አገር ሰውነት ራሱን ለማሞቅ ብዙ ማቃጠል አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ኦክስጅኑ ደሙ ውስጥ ይቀራል፣ ደሙም ቀይ ይሆናል ብሎ አሰበ። ከዚያ ተነስቶ ምግብ፣ ሙቀትና የጡንቻ ሥራ በአንድ ሒሳብ መያዝ እንዳለባቸው ተረዳ። የቢራ ጠማቂ ልጅ የነበረው እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል ደግሞ በሚወርድ ክብደት ውኃ እያማሰለ፣ ውኃው ምን ያህል እንደሚሞቅ ለካ። አንዱ ከሕክምና፣ ሌላው ከመካኒክስ መጥተው አንድ ቦታ ተገናኙ። የተለያዩ ሳይንሶች ዕውቀት አንድ ሊሆን ይችላል ወይ ለሚል ሰው፣ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ሒሳቡን ዛሬም መሥራት ይቻላል። በቀን 2,000 ኪሎካሎሪ የሚመገብ ሰው ወደ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያገኛል። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያንን በ40 ደቂቃ ውስጥ ይጨርሰዋል።

የስም መደበላለቁ የአማርኛ ብቻ አይደለም። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1847 ይህንኑ ሕግ፣ ማለትም አቅሙ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም የሚለውን ሲያብራራ፣ በጽሑፉ ርዕስ ላይ የተጠቀመው «ክራፍት» የሚለውን የጀርመንኛ ቃል ነው። እሱም እንደ «ኃይል» ለመግፋቱም ለአቅሙም ያገለግል ነበር። የዕውቀቱ አንድነት የመጣው ሁሉንም በአንድ ስም በመጥራት አይደለም። ምን ከምን ጋር እኩል እንደሆነ በመለካት ነው።

ስለዚህ ክፍል ውስጥ ለሚገፋውና ለሚስበው «ኃይል»፣ ለአቅሙ «ኢነርጂ» ይበሉ። «ኢነርጂ» በመሥሪያ ቤት ስም ላይ ሳይቀር ገብቷል፤ ባዕድ ነው ብሎ መሸሽ አያስፈልግም። ሰፈር ውስጥ «ምግብ ኃይል ይሰጣል» የሚል ሰው ግን አልተሳሳተም፤ አይረሙት። «የገበያ ኃይል» የሚለውም ይቆይ፤ ተማሪው ግን በኒውተን እንደማይለካ ይወቅ። «ጉልበት»ን አንዳንዱ ጸሐፊ ለኃይል፣ ሌላው ለኢነርጂ ይጠቀምበታል። መጠቀም ከፈለጉ የቱን ማለትዎ እንደሆነ መጀመሪያ ይናገሩ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አይቀይሩት።